ለሁለት የምንነዳት መኪና

ገማቹ የደወለልኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ስልኬ ላይ ስሙን ሳይ ሰው የሞተ መሰለኝ፤ እሱ ለደህና ነገር እኔን የሚፈልግ ሰው አይደለም። ገማቹ የሚስቴ ወንድም ነው። የሚስቴ የነበረችው ማለት አለብኝ፤ አፌ አልለምድ ብሎኝ ነው። ሰድር ይነግዳል። «ገማቹ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም፣ ሰፈሩ ነው፤ ሰው ቤት ሲገባ ደህና ዋላችሁ ከማለቱ በፊት ሶፋው ስንት እንደሚያወጣ በዓይኑ ይገምታል። «ጋሼ» ሲሉት ደስ ይለዋል። እኔ ብዬው አላውቅም።

«ስማ» አለኝ ሰላም ሳይለኝ፣ «መኪናዋ ገዢ አግኝታለች። ቅዳሜ ጠዋት ና።»

እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው አልኩት። መኪናዋ የእህቱ ናት። ስንለያይ እሷ ወስዳታለች፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዋንም እሷንም በሩቅ እንኳ አላየሁም። ገማቹ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጎበዝ ነኝ ብሎ ራሱ ሊነዳት ሞክሯል፤ ማርሽ ሲያስገባ እንደ ቆርቆሮ ጮኻበት እህቱ ከቤት ወጥታ ቁልፉን ከእጁ ወስዳበታለች። ገዢው ደግሞ ስትሄድ ካላየሁ አልገዛም ብሏል። እሷ በበኩሏ፣ መሪው ላይ ከሱ ሌላ ማንም አይቀመጥም ብላ እኔን ጠርታለች።

«እጄን ረሳኸው?» አልኩት።

«እህቴ ማርሹን እኔ እይዛለሁ ብላለች» አለና ዘጋው።

ምሳዬን ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የጋራዥ ሜካኒክ ነኝ፤ እጄን የበላው ካምቢዮ ነው። የጭነት መኪና ካምቢዮ፣ ማርሾቹ ያሉበትን ከባድ ሳጥን፣ ስናወርድ ከክሪኩ ተንሸራቶ ቀኝ እጄ ላይ አረፈ። ያኔ የነበረው አለቃዬ ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው «ተሰነጠቀ እንዴ?» ብሎ ነው። ካምቢዮውን ማለቱ ነው። ይህንን እስክሞት አልረሳለትም። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፤ ሦስቱ ጣቶቼ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። በመዳፌ እገፋለሁ፣ በግራዬ አጠብቃለሁ፣ እንጀራዬን በላቤ እበላለሁ፤ ሥራዬን ማንም ሠርቶልኝ አያውቅም። አንድ ትንሽ ነገር በጣቴ ጨብጬ መሳብ ግን አልችልም።

መኪናዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቷ ሊያሠራት አምጥቶ በዚያው ጠፍቶ፣ ጎማዋ ተንፍሶ ጋራዡ ጥግ ስትኖር የቆየች ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ከፍታዋ ከወገብ የማያልፍ፣ ድሮ ለሩጫ የሚወዷት ዓይነት። ጋራዡ ሲዘጋ አለቃዬ «ይህችን ቆሻሻ ከግቢዬ አውጣልኝ» ብሎ በስሜ አዞረልኝ። ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። ወስጄ ካምቢዮዋን አወረድኩ፣ ኩሽኔታዎቹን ቀየርኩ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ማርሾችን በሌላ ተካሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሠራች። ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ልነዳት እንደማልችል የገባኝ።

ሌላውን መኪና በመዳፌ እየገፋሁ እነዳለሁ። የእሷ የማርሽ ዘንግ ግን አጭር ናት፣ አናቷም ትንሽ፤ በመዳፍ ሲገፏት ትንሸራተታለች። ጣት ነው የምትፈልገው። ያውም ዝም ብሎ ጣት አይደለም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትስባት መሃል ላይ ትቆማለች። ቸኩለህ ከጎተትካት ትጮሃለች፤ ብዙ ካስጠበቅካት ደግሞ ትኮራለች፣ አልገባም ትላለች። በሁለቱ መካከል ጣትህ ሥር የሆነ ነገር ለስለስ የሚልበት ቅጽበት አለ። ያኔ መሳብም አያስፈልግም፣ ራሷ ትሄዳለች። ገብታ ቦታዋን ስትይዝ ጠቅ ትላለች፤ ይህ ጠቅታ በጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ ክርን ላይ ነው። አሁን የሚሠሩት መኪናዎች ይህ የላቸውም። እግርህን ታስቀምጣለህ፣ እነሱ ለራሳቸው ያስባሉ።

ግቢያችን ውስጥ ከዘንጓ ጋር ስታገል ሚስቴ ከስፌቷ ተነስታ መጣችና ጎኔ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊ ናት። ግራ እጇ ጨርቁን የሚመራው እጇ ነው፤ መርፌው ሥር ያለው ሐር ይሁን ወፍራም ጨርቅ፣ ወደየት ሊሸሽ እንደፈለገ ሳታይ ያውቃል። መኪናዋ ውስጥ መሪው በግራ፣ ዘንጓ በመካከላችን ስለሆነች ዘንጓ የተገኘችው በዚያው እጇ በኩል ነው። ትንሽ ስታየኝ ቆይታ «አንተ እርገጥ፣ እኔ እስባለሁ» አለችኝ።

እንዲህ ጀመርን። መጀመሪያ ሰሞን «አሁን» እያልኩ እነግራት ነበር፤ ስላልኳት ትስባለች፣ ማርሹ ይጮኻል፣ ሁለታችንም እንደነግጣለን። በኋላ መናገሩን ተውን። ሞተሩን ሰምታ እሷው ታውቀዋለች። ፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ እግሬ ሲወርድ እጇ ይሄዳል፤ እግሬ ቀድሞ ይሁን እጇ እኔ ራሴ እንጃ። ገበያ ስንሄድ፣ የሰፋችውን ልብስ ስናደርስ፣ ዝም ብለንም ስንዞር፣ እግሩ የኔ፣ እጁ የእሷ ሆኖ እንደ አንድ ሰው እንነዳለን። ከውጭ ያየን ሰው እጅ ለእጅ የተያያዝን ነው የሚመስለው። በዚህ ዕድሜያችሁ አታፍሩም ወይ ያለን ሰው አለ።

መጣላትም ነበር፣ የለም አልልም። አንድ ቀን እናቷ ቤት ደስ የማይል ነገር ተብዬ አኩርፌ ስመለስ፣ ሁለተኛ አስገባችና እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ። ምን እንዳስከፋህ ንገረኝና ሦስተኛ አስገባለሁ አለች። አልነግርሽም አልኩ። ቤት ድረስ በሁለተኛ ሄድን። ጎረቤቱ ምን ሊፈነዳ ነው ብሎ በር ላይ ወጣ። ስንወርድ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እኔ እንዳልስቅ ጉንጬን ነክሼ ነው የገባሁት።

የተለያየንበትን ምክንያት እሷን ብትጠይቋት ኩርፊያው ትላለች። እኔን ብትጠይቁኝ የወንድሟ ሶፋ ነው። ገማቹ እንግዳ ጠርቶ ነበር። ከሥራ ነው የመጣሁት፤ ታጥቤያለሁ፣ ሸሚዜን ቀይሬያለሁ። ልቀመጥ ስል «ቆይ» አለኝና ጋዜጣ አምጥቶ ሶፋው ላይ ዘረጋልኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ጠርዙን እያስተካከለ። የስፖርቱ ገጽ ነበር። ቁጭ አልኩበት፣ ምን አደርጋለሁ? እንግዶቹ ወደ ኮርኒሱ አዩ። እሷም ከጓዳ ስትወጣ አይታለች። አይታ ምንም አላለችም። እኔን የገደለኝ ጋዜጣው አይደለም፣ ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ የምናገረው እያነሰ መጣ። አንድ ዓመት ያህል ታገሰችኝና «ካንተ ጋር መኖር የተዘጋ ሱቅ በር ላይ መቆም ነው» ብላ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ዕቃ ስንካፈል አልጋውንም፣ ቁም ሣጥኑንም፣ ያንን ሁሉ ድስት ተወችልኝ። መኪናዋን ብቻ ነው የፈለገችው። ጉድ እኮ ነው። ፔዳል የቱ እንደሆነ የማታውቅ ሴት መኪና ምን ያደርግላታል? እኔ ጋ ብትቀር አልነዳት፣ እሷ ብትወስዳት አትነዳት፤ ግማሹ ሹፌር እኔ ጋ፣ ግማሹ እሷ ጋ ነው። አንጀቴን ለማሳረር ነው አልኩና ፈረምኩ። ገማቹ ያን ቀን ይህችን ቁራጭ ብረት የት ላቆማት ነው እያለ ሲነጫነጭ ዋለ። በገመድ አስረው ጎትተው ወሰዷት።

ከዚያ ወዲህ የሰው ነገር ተገለባበጠ። ማርሽ በእጅ የሚገባባቸው መኪናዎች እያለቁ ሲሄዱ፣ ያልሞቱት ድንገት ተወደዱ። አሁን የምሠራበት ጋራዥ ድረስ ሰው እየመጣ ጓሮ የተጣለ አሮጌ የሩጫ መኪና ታውቃላችሁ ወይ ይላል። ሲነዷቸው እጅ ላይ ስሜት አላቸው ይላል፤ ስሜቱን አሁን ነው የደረሰበት። ገማቹ ሲሰማ በማግስቱ ለመኪናዋ ለስላሳ ልብስ አሰፋላት ብለው ሲያወሩ ሰማሁ። መጠለያ ሠራላት፣ ካሜራ ሰቀለላት። ያለበት ቦታ ሁሉ ከጥንቱም ዋጋዋ ገብቶኝ ነበር እያለ ይተርካል አሉ። ዋጋዋ በጨመረ ቁጥር የኔ ሆድ ይብሳል። ገንዘቡ አይደለም፤ እሱ የእሷ ነው፣ ይባረክላት። ያናደደኝ፣ እኛ ስንነዳት ቆሻሻ የነበረች መኪና ማንም ሳይነዳት ክብር ማግኘቷ ነው።

የምመኘውን አልደብቅም። ከተሸጠች እኔንና እሷን በአንድ ስም የሚያስጠራ ነገር አይኖርም። ቅዳሜ ጎኔ ስትቀመጥ አትሽጪያት ልላት ነበር። መኪናዋን ብቻ አይደለም። ነይ፣ ወደ ቤት ነይ ልላት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ካምቢዮ እየፈታሁ የምናገረውን በሆዴ ስገጥም ሰነበትኩ።

ቅዳሜ እጄን በዱቄት ሳሙና ፈትጌ፣ ጥፍሬን በሽቦ ጠርጌ ሄድኩ። ገማቹ በር ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ገመተኝ። ግቢው ውስጥ ገዢው በትንሽ ወንበር ተቀምጧል፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ከዘራ ይዟል። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ሰብስቦ አዳራሽ ውስጥ አቁሟል። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሰውየው ግን ከወንበሩ ተነስቶ፣ ቀኝ እጄን አይቶ፣ ግራ እጁን ዘረጋልኝ። ካምቢዮዋን የሠራሃት አንተ ነህ አሉኝ፣ እንዴት አድርገህ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረውም አዳመጠኝ። የሚጠይቀው የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለመጥላት አይመችም።

«እርስዎ አይነዷትም?» አልኩት።

ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ፍሪሲዮን መርገጥ ካቆመ ቆይቷል። ስትሄድ ልያት፣ ማርሿ ሲገባ ልስማት፣ ይበቃኛል አለ።

እሷ ከቤት ወጣች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ነጭ አውጥቷል። ቀሚሷ ላይ የክር ቁራጭ ተጣብቋል፤ ሁልጊዜም አይጠፋባትም። ደህና ነህ ወይ አለችኝ፣ ደህና ነኝ አልኳት። እጄን አየችው፣ ከዚያ ዞር አለች። ገማቹ መኪናዋን እንደ ሙሽራ ሲገልጣት ሁላችንም ቆመን አየን። ታበራለች። እኛ ዘንድ ሳለች አንድ ቀንም አብርታ አታውቅም።

ተቀመጥን። ገማቹ በመስኮት አጎንብሶ እንዳትፈጥን፣ ጠጠር እንዳይነካት፣ እስከ አደባባዩ ድረስ ብቻ እያለ ይለፈልፋል። እሷ እጇን ዘንጓ ላይ አስቀመጠች። እኔ ፊት ለፊት ነው የማየው፤ ወደ እሷ ብዞር የገጠምኩት ንግግር እንዳይፈታብኝ ፈራሁ።

ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ረግጬ ገረመኝ። ዓመታት የቆመ መኪና ፍሪሲዮኑ ይጣበቃል፣ ፔዳሉም ይደርቃል። ይህ ግን ወረደልኝ። ስለቀው ደግሞ የሚይዝበት ቦታ ተለውጧል፤ እኔ ከማውቀው ከፍ ብሎ ነው የያዘው፤ ሰው ብዙ ሲረግጠው እንደዚያ ይሆናል። ገማቹ ይሆናል አልኩ በልቤ። ግን ገማቹ ይህችን መንዳት ቢችል ኖሮ መች ይጠራኛል?

ከበሩ ወጣን። መንገዱ የሸክላ ፋብሪካውን ረዥም አጥር ይዞ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። ሞተሩ ከፍ አለ፣ እግሬ ወረደ፣ እጇ ሄደ። ሁለተኛ ገባች፤ ያቺ ጠቅታ በመቀመጫዬ በኩል ወደ ጀርባዬ መጣች። ዓይኔ ውሃ ሞላ፤ ጣሪያው ስለተገለጠ ነፋሱ ነው ማለት ይቻላል። ሦስተኛ። ከአጥሩ ሥር የሚሄዱ ሰዎች ዞር አሉ። አራተኛ። እጇ አልረሳም፣ እግሬም አልረሳም። ምነው ይህ አጥር ባያልቅ አልኩ።

አደባባዩ ጋ ለማዞር ሦስተኛ ስትመልስ ዝቅ ብዬ ዘንጓን ልይ አልኩ። ያየሁት ግን እግሯን ነው። የእሷ በኩል ፔዳል የለም፤ ምንጣፍ ብቻ ነው። ግራ እግሯ ምንጣፉን ተጫነው፣ ለቀቀው። እኔ ስረግጥ ረገጠች፣ ስለቅ ለቀቀች። ሁለተኛ ስትመልስም እንደዚያው።

አደባባዩን ዞረን፣ የገማቹ በር ከማይታይበት ቦታ ላይ መኪናዋን ጥግ አስያዝኳት። እሷ ማርሹን አወጣች፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይሠራል።

«መቼ ነው የተማርሽው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«እግርሽ አይቀመጥም።»

እግሯን እንደተያዘ ሌባ ወደ መቀመጫዋ ሰበሰበችው። ከዚያ ሳቀች። ወንድሟ ዕቃ ሊያመጣ በሄደ ቁጥር የመንጃ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ነበር። የሱን መኪና አይደለም፣ ይህችኑ ልትነዳ ብላ ነው የተማረችው። ፈተናውን ወድቃ ደግማ ነው ያለፈችው፤ መርማሪው አንቺ ማርሽሽ የሹፌር፣ እግርሽ የጀማሪ ነው ብሏታል። ከዚያ በኋላ ገማቹ በሌለበት ጠዋት ጠዋት እያወጣች ትነዳት ነበር፤ ማንም አያውቅም። ካሜራው ሲሰቀል፣ ገማቹም ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች በየጊዜው ማንበብ ሲጀምር ቀረ።

ልክ ጓዳዬን ሰው ሳላውቅ ሲያስተካክለው የኖረ መሰለኝ። ያቺ የእሷ ያልኳት ግማሽ ሙሉ ሆና ስትሄድ፣ እኔ ጋ ያለው ግማሽ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል።

«ታዲያ እኔን ለምን አስጠራሽኝ? ራስሽ አትነጂያትም ነበር?»

ጣቷን የዘንጓ አናት ላይ አዞረች።

«ለብቻዬ ስነዳት እግሩም የኔ፣ እጁም የኔ ሆነ» አለች። «መንዳቱንስ ነዳሁ። ማርሹን ብቻ ይዤ፣ እግሩ ከሌላ ሰው ሲመጣ ግን ናፈቀኝ። ሳትሸጥ አንዴ ብዬ ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ የገጠምኩት ንግግር እዚህ ላይ ነበር መውጣት ያለበት። የወጣው ሌላ ነው።

«መሸጡን ወንድምሽ ነው የመከረሽ?»

ማንም አልመከረኝም አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ከሰመ። ርካሽ ሳለች የኛ ነበረች አለች። አሁን ፀሐይ ላይ ስትውል ወንድሜ ይታመማል፤ ዝናብ ሲዘንብ ከእንቅልፉ ይነሳል፤ እኔ በሩን ስከፍት ቀለሟን እንዳትነኪ ይለኛል። የሱ አድርጓታል ማለቴ አይደለም፤ የማንም እንዳትሆን አድርጓታል። ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ብትቆም ቢያንስ የሚያውቃት ሰው ያያታል። በገንዘቡ ያረጀች ትንሽ መኪና እገዛለሁ፣ ልብስ የማደርስባት፤ ማንም ዞሮ የማያያት።

ምን ዓይነት ልትገዢ ነው ብላት በቂ ነበር። እሷም እስክላት ነው የጠበቀችው፤ እጇ ዘንጓ ላይ ነው፣ ማርሹን አላስገባችም፣ ወደኔ ዞራ ታየኛለች። እኔ የስፖርቱን ገጽ አሰብኩ። ስትወጣ አይታ ዝም ያለችውን አሰብኩ። ደግሞ ሳትነግረኝ መንዳት የተማረችውን አሰብኩ።

«አውቶማቲክ ግዢ» አልኳት። «ለብቻው ለሚኖር ሰው እሱ ነው የሚሻለው።»

ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ከዚያ አንደኛ አስገባች።

በመልሱ መንገድ አንድም አላጠፋችም። እግሬ ሲወርድ እጇ ይሄዳል፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሁሉም በሰዓቱ። ስትናደድ ታዘገይብኝ የነበረች ሴት አንድም ቦታ አላዘገየችም። ብታዘገይ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛ ላይ ትታኝ ሞተሩ ቢጮህ፣ ሰው ቢሰበሰብ፣ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ማንም ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው አስገባች፣ እንደ ማንም አወጣች፣ በሩ ጋ ደረስን።

ጥርስ ሐኪሙ በከዘራው ተደግፎ ቆሟል። ማርሹ ሲለወጥ ምንም ጩኸት አልሰማሁም አለ፣ ስትሄድም ስትመጣም አልሰማሁም፤ ማነው ማርሹን የያዘው? እኔ እግር ብቻ ነኝ አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ገማቹ ከኋላ ሆኖ ቀለሟን በጣቱ እየዳሰሰ ይፈትሻል። ከዚያ በኋላ ተስማሙ፤ ቤት ገብተው ተነጋገሩ፤ እኔ አልገባሁም፤ ገማቹ ና ተቀመጥ ሲለኝም እዚሁ ይሻለኛል አልኩት። ሶፋው ከበሩ ይታየኛል። አዲስ ገዝቷል።

የሚጭናት መኪና ሲመጣ ማስነሳት እንኳ አላስፈለገም፤ በገመድ ስበው አወጧት፤ ልብሷን አልብሰዋት ሄደች። ጥርስ ሐኪሙ ሲሰናበተኝ አዳራሹ መጥተህ ስማት አለኝ። ከልቡ እንደሆነ ታውቆኛል። አልሄድኩም፤ የቆመ መኪና ምኑ ይሰማል?

እሷ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ሁለታችንም መንገዱን ነው የምናየው። ልሄድ ስል፣ የቀሚሷን ክር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«አውቶማቲክ አልፈልግም» አለችኝ። «ማርሽ ያላት ካገኘህ ንገረኝ።»

እሺ አልኳት። እሺ ብዬ ሄድኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጋራዡ የሚመጣውን ትንሽ መኪና ሁሉ ማየት ሥራዬ ሆኗል። ሌሎቹ ሜካኒኮች ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ እኔ መጀመሪያ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ገብቼ እቀመጣለሁ። ግራ እጄን ዘርግቼ ዘንጉን እይዛለሁ፤ የሴት ክንድ ይደርስ እንደሆነ፣ ትከሻን ያጎብጥ እንደሆነ እለካለሁ። ይሄ ሰውዬ የተሳፋሪውን ወንበር ነው የሚጠግነው ብለው ስቀውብኛል፤ ይሳቁ። አንዷ ዘንጓ ሩቅ ነበር። አንዷ በጣም ልል፣ እንደ ማንኪያ የምትዞር። አንዷ ደህና ሆና ሳለች ቀለሟን ጠላሁት። እውነቱን ለመናገር በእያንዳንዷ ላይ እንከን ሳላጣ ሳምንታት ሄዱ፤ ስልኩን ለማንሳት ድፍረቱም አልመጣ።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ አከፋፋይ የሆነ ሰው አንዲት አስቀያሚ መኪና አመጣ። በሯ የተጣመመ፣ ወለሏ በዱቄት የነጣ፣ ማንም ዞሮ የማያያት። የተሳፋሪው ወንበር ላይ ገብቼ ግራ እጄን ዘረጋሁ፤ ክርኔ ሳይነሳ ደረሰ። ሰውየውን ፍሪሲዮን እርገጥልኝ አልኩት። አንደኛ ገባች። ወደ ሁለተኛ ስስባት መሃል ላይ ቆመች። ቸኮልኩና ጮኸችብኝ። ደግሜ ጠበቅኳት፤ ጠቅ ብላ ገባች። የምትሸጥ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ይህችንስ ማን ይገዛታል ብሎ ሳቀብኝ።

እዚያው ተቀምጬ ደወልኩ። አነሳች። ሰላምታው ሁሉ ጠፋብኝ።

«አንዲት አግኝቻለሁ» አልኳት። «መልክ የላትም። ሁለተኛዋም ታስቸግራለች፤ በአንድ ሰው እጅ የምትገባ አልመሰለኝም።»

የስፌት መኪናዋ ሲሠራ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። አቆመችው።